የሳምራዊቷ ዋንጫ

ልጆችን ፍቅር ማስተማር አያስቸግርም፤ የሚያስቸግሩት ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡት ወላጆች ናቸው። ይህን ያወቅሁት ወልቂጤ ውስጥ በአንዲት ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ቤተ ክርስቲያን የእሁድ ትምህርት ቤት ልጆችን ሳስተምር ነው። ዘመኑ እኩልነት የተትረፈረፈበት ነበር። ከአጥራችን ማዶ ባለው የቀበሌ ግድግዳ ላይ የሕዝቦች እኩልነት በቀይ ቀለም ተጽፎ ነበር፤ እኛ ደግሞ ከአጥሩ ወዲህ በክርስቶስ አንድ መሆናችንን በሰማያዊ ጽፈናል። ልዩነታችን የቀለም ብቻ ነበር።

ከልጆቹ አንዷ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነበረች። በአገራችን ሸክላ ሠሪዎች የሚጠሩበትን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ ስሙ ራሱ ስድብ ነው። ሥርዓቱ ግን ግልጽ ነው፦ ክትፎውን እነሱ በሠሩት ጣባ እንበላለን፣ ጎመኑን በእነሱ ድስት እንቀቅላለን፤ እነሱ የጠጡበትን ዋንጫ ግን አንነካም። እጃቸው ጭቃው ላይ ሲያርፍ ንጹሕ ነው፤ የሚያረክሰው ከንፈራቸው ነው። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው ብዙ ያሰበበት መሆን አለበት።

ለገና የደጉን ሳምራዊ ታሪክ በድራማ ልናሳይ ተነሣን። ሳምራዊውን ለእሷ ሰጠኋት። ሌሎቹ አስተማሪዎች «ይሄማ ይስማማታል» አሉ፤ እኔም ራሴን ከደፋሮች ቆጠርኩ። የተናቀ ሰው ሆና እንድትጫወት የተናቀች ልጅ መምረጥ ድፍረት መስሎኝ ነበር። ወንበዴዎች ደብድበው የጣሉት መንገደኛ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ልጅ ሆነ። ውሃ የምታጠጣው እሷ ስለሆነች «ከቤት የሸክላ ዋንጫ አምጪ፤ የጥንት ይመስላል» አልኳት።

ዕለቱ ደረሰ። ልጁ መድረኩ ላይ ተዘርሮ ያቃስታል። ካህኑ አይቶት አለፈ፤ ሌዋዊውም አለፈ። እሷ የአባቷን ጋቢ እየጎተተች መጣች፣ አጠገቡ ተንበረከከች፣ ዋንጫውን ወደ አፉ አስጠጋች።

«ቆይ! ቆይ!»

የልጁ እናት ከፊት ወንበር ተነሡ። ወደ ጓዳ ገብተው ሌላ የሸክላ ዋንጫ ይዘው ብቅ አሉ።

«በዚህ አጠጪው፣ የኔ ልጅ። ያንን አስቀምጪው።»

ልጅቷ ዋንጫውን ገልበጥ አድርጋ አየችው። «ይሄንንም እኮ እናቴ ናት የሠራችው።»

«እሱ ታጥቧል» አሉ ሴትዮዋ።

ማንም አልሳቀም። ልጅቷ መጋረጃው ጥግ ወደቆምኩት ወደ እኔ ዞረች። የነገሩን አስቂኝነት ከአዳራሹ ሁሉ ቀድሜ ተረድቼው ነበር፤ ጥቅም ግን አልሰጠም። በጣቴ አሳየኋት፦ ሴትዮዋ ባመጡት አጠጪው። አጠጣችው። ጭብጨባው ቆርቆሮውን አናወጠው።

በሚቀጥለው እሁድ አልመጣችም።

«ሳምራዊቷ የት ሄደች?» አለ የሽማግሌው ልጅ።

«አሟት ይሆናል።»

«ታዲያ ሄደን አንጠይቃትም? የታመመ ይጠየቃል ብለውን የለ፣ ጋሼ?»

በገዛ ትምህርቱ የተያዘ አስተማሪ መውጫ የለውም። ሰባት ልጆች አስከትዬ በዚያ ፀሐይ ወደ ከተማው ዳር ወጣሁ።

እናቲቱን ጭቃ ሲያቦኩ አገኘናቸው፤ ሲያዩን ደነገጡ። ከቤተ ክርስቲያናችን ደጃቸውን የረገጠ ሰው አልነበረም። ልጅቷ በሩን ተደግፋ ቆማለች። ጤነኛ ነበረች። እንግዳ ባዶ አፉን መስደድ ነውር ነውና እናቲቱ እጃቸውን ታጥበው፣ በዋንጫ ውሃ ቀድተው መጡ፤ በእጄ ግን አልሰጡኝም። ደጃፉ ጋ ካለው ድንጋይ ላይ አስቀምጠውት ወደ ኋላ ሸሸት አሉ። ባልጠጣ እንዳላፍር ብለው ነው።

እኔ ዋንጫውን አየሁ፤ ልጆቹ እኔን አዩ። ስለ ተስቦ አሰብኩ። ውሃው ከየት ተቀዳ ብዬም አሰብኩ። ሰው መጠጣት ካልፈለገ ወዲያው የጤና ባለሙያ ይሆናል።

የሽማግሌው ልጅ አነሣና ግጥም አደረገው። ክርስቲያናዊ ፍቅር ነበር ልላችሁ አልችልም፤ ጠምቶት ነበር። አፉን በክንዱ ጠርጎ «ይጨመርልኝ፣ እትዬ» አላቸው። ከእሱ በኋላ እኔም ጠጣሁ። ለሽማግሌዎቹ ሳወራ ግን ቅደም ተከተሉን ትንሽ አስተካክዬዋለሁ።

ስንነሣ «እሁድ ትመጫለሽ?» አልኳት።

«እመጣለሁ። ሳምራዊ ግን አልሆንም።»

«ታዲያ ምን ልትሆኚ?»

«የተደበደበው። የሚያጠጡት እሱን ነው።»

ለዓመቱ ገና የጠየቀችውን ሰጠኋት። እሷ መድረኩ ላይ ተዘርራ አቃሰተች፤ የሽማግሌው ልጅ አጠገቧ ተንበርክኮ ከቤቷ በመጣው ዋንጫ አጠጣት። ግማሹን ጠጥታ መለሰችለት። እሱም፣ እኔ ድራማው ውስጥ ሳልጽፈው፣ የተረፈውን አንጋጥጦ ጨለጠው። ያ ልጅ ሁልጊዜ ይጠማዋል።

እናቱ ፊት ወንበር ላይ ብድግ ብለው ነበር። ቤቱ ሁሉ ዞሮ አያቸው። እሳቸውም የተነሡት ነጠላቸውን ለማስተካከል እንደሆነ ሁሉ ግራና ቀኙን እኩል አድርገው አጣፉና ተቀመጡ።