ወረቀቱ ላይ የቆመው ሰውዬ

ሚሊሜትር ነበር የምንላት። ስሙን ያወጣንላት እኛው፣ የስፌት አዳራሹ ሴቶች ነን። የሸሚዝ ኮሌታ ስትገጥም ከመስመሯ ዝንፍ አትልም። ሰዓት ስትጠየቅ እንኳ «አራት ሰዓት ገደማ» ማለት አይሆንላትም፤ «ለአራት ሰባት ጉዳይ» ትላለች። ባሏ ጥሏት ከሄደ ስንት ጊዜው እንደሆነ አንዷ ነገረኛ ብትጠይቃት ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን ቆጥራ ነገረቻት። ጠያቂዋ አፍራ ወደ ማሽኗ ዞረች።

ጥፋቷ ቁመቷ ነበር። ከሁላችንም ትረዝማለች። ጠረጴዛው ደግሞ ለማን ተብሎ እንደተሠራ እንጃ፣ እሷን አስቦ እንዳልሆነ ግን የታወቀ ነው። መደገፊያ በሌለው የእንጨት በርጩማ ላይ ለሁለት ታጥፋ፣ አንገቷን ማሽኑ ላይ ደፍታ አስራ ሰባት ዓመት ሰፋች። መጨረሻ ላይ የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ደነዘዙ። መርፌ ሲወጋት ደሙን አይታ ነበር የምታውቀው።

አንድ ሰሞን ከቤቷ አራት የእንጨት ቁራጮች ይዛ መጣችና ከጠረጴዛዋ እግሮች ስር አስገባች። ጠረጴዛው አስር ሴንቲሜትር ከፍ አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ፊቷ በራ። በሦስተኛው ቀን ተቆጣጣሪው አያት። ይሄ ሰውዬ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የጠረጴዛዎቹን ሰልፍ ካላየ ቁርሱ የሚወርድለት አይመስለኝም።

«ምንድን ነው ይሄ?» አላት።

«ወገቤን እያመመኝ ነው ጌታዬ። አስር ሴንቲሜትር ብቻ ነው።»

«እንግዳ ሲመጣ ሰልፉ ተጣሞ ይታይ? ነገ ደግሞ ሁሉም የየራሱን ጉማጅ ይዞ ይምጣ?»

ቁራጮቹን በጫማው ጫፍ አንድ በአንድ መትቶ አወጣቸው። ማሽኑ ጓ ብሎ ወረደ። እሷ ከመሬት መቀሷን አንስታ ስፌቷን ቀጠለች።

«ለጡረታ የቀረኝ ስምንት ዓመት ከሁለት ወር ነው» አለችኝ የዚያን ቀን። «አስር ሴንቲሜትር ቢሰጡኝ እደርሳለሁ። ካልሰጡኝ ግን ይሄ እጅ አያደርሰኝም።» ከዚህ ሌላ ከዚህ ዓለም የፈለገችው ነገር አልነበረም።

ከዚያ ሸሚዞቻችንን የሚገዙት ሰዎች «የሠራተኞቻችሁን አቀማመጥ አስተካክሉ» ብለው ጻፉ መሰለኝ፣ ሥራ አስኪያጁ አንዲት ባለሙያ አመጣ። ትሁት ልጅ ናት፤ ስትለካን እንኳ ይቅርታ እየጠየቀች ነው። ለእያንዳንዳችን አንድ ወረቀት አደለችን። ወረቀቱ ላይ ፊት የሌለው መላጣ ሰውዬ ከፊትም ከጀርባም ተስሎ ቆሟል።

«የሚያማችሁ ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ» አለች። «ስማችሁንም ጻፉ፤ ወንበር የምናዘው በዚህ ነው። በመጻፉ ማንም አይጎዳም።»

ሥራ አስኪያጁ አጠገቧ ቆሞ ራሱን ይነቀንቃል። እኛ ያንን አነቃነቅ እናውቀዋለን። ከስልሳ ሴት ሃምሳ ዘጠኛችን ሰውዬውን ጤነኛ አድርገን መለስነው። እኔ ጠዋት ከአልጋ የምነሳው ግድግዳ ይዤ ነው፤ ወረቀቴ ግን ነጭ እንደሆነ ሄደ።

ይሁንና አንድ ነገር ገብቶኛል። ሁላችንም ባዶ ከመለስን «እዚህ ማንም አያመውም» ይባላል፣ ወንበርም አይመጣም። አንድ ሰው መጻፍ ነበረበት። ያ ሰው እኔ እንድሆን አልፈለግሁም። ይሄን ሳላሽሞነሙን ነው የምናገረው።

ሚሊሜትር በምሳ ሰዓት ወረቀቷን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። «ምን ትያለሽ? ልጻፍ?»

«ጻፊ እንጂ እትዬ፣ ምን ያስፈራል! እኔም ጽፌያለሁ።»

ጻፈች። ለሰውዬው ጤነኛ ቦታ አልተወችለትም፤ አንገቱን፣ ቀኝ ትከሻውን፣ ወገቡን፣ የእጁን አንጓ፣ ሁለቱን ጣቶች ለየብቻ። ዳር ላይ «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ» ብላ ጻፈች። ከስሩ «መቀስ በቀን ሦስት ጊዜ ከእጄ ይወድቃል» አለች። መጨረሻ ላይ «ጠረጴዛው በአስር ሴንቲሜትር ከፍ ቢል» ብላ ፈረመች።

በሁለተኛው ወር ስልሳ ወንበሮች መጡ። መደገፊያ አላቸው፤ ከጎናቸው ባለው እጀታ ከፍና ዝቅ ይላሉ። ባለሙያዋ በሁላችንም ፊት ሚሊሜትርን አመሰገነቻት፤ «የእርስዎ መልስ ባይኖር ይሄን ማስፈቀድ አልችልም ነበር» አለቻት። አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ።

በአምስተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ ቢሮ አስጠራት። የወረቀቱን ሰውዬ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጠበቃት።

«ለዚህ ሥራ የሚሆን ጤና የለሽም። እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ ራስሽ በእጅሽ ጽፈሽ ፈርመሻል።»

«እኮ ጌታዬ፣ እንዲስተካከል ብዬ ነው የጻፍኩት።»

«አስተካከልን እኮ። ወንበሩ መጣ አይደል?»

ተሰናብታ እስክትወጣ አዲሱ ወንበር ላይ የተቀመጠችው አራት ቀን ነው። ባለሙያዋ ሥራዋን ጨርሳ ሄዳ ነበር፤ ይሄንን የሰማች አይመስለኝም።

ተቆጣጣሪው ደግሞ በር ላይ ቆሞ አንድ ዓይኑን ጨፈነ። አንዷ ከፍ፣ አንዷ ዝቅ ብላ ስንታየው ተቃጠለ። በማግስቱ ዱላና ቡናማ ፕላስተር ይዞ መጣና ሁሉንም ወንበር በዱላው ቁመት አስተካክሎ እጀታዎቹን ጠቀለላቸው። ፕላስተሩን የላጠችው ሴት ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት። እኔ አጭር ነኝ፤ የማሽኑን መርገጫ የምደርስበት ወንበሩ ጫፍ ላይ ተንጠልጥዬ ነው። መደገፊያው ጀርባዬን ነክቶት አያውቅም።

ከሦስት ወር በኋላ አንድ እሁድ ልጠይቃት ሄድኩ። በሩን በክርኗ ገፍታ ከፈተችልኝ። የሹራቧን ቁልፎች የምትቆልፍላት ልጇ ናት። ገና ሳልቀመጥ የጠየቀችኝ ስለ ወንበሩ ነው።

«ለቁመትሽ አስተካከልሽው?»

«አስተካከልኩት።»

«እግርሽ መሬት ይደርሳል?»

«ይደርሳል።»

ደስ አላት። እውነቴን ነው፣ ደስ አላት።

«ላንቺ ነበር የፈራሁት» አለችኝ። «አንቺም ጽፈሻል፤ ቀጥሎ አንቺን ይጠሩሻል ብዬ ስንት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። ያንቺን ሳያዩት ቀርተው ነው።»

«ሳያዩት ቀርተው ነው» አልኳት።

«እንኳን ተረፍሽልኝ» ብላ በደህናው እጇ ጀርባዬን አሸችልኝ። ከዚያ ወዲህ ቤቷ ሄጄ አላውቅም።