ንፋስ እንዳይመታት

የልጄን ልጅ ይዤ ከሪያድ የወጣሁ ቀን ምንም አልተሰማኝም። ልጄ ነሲም ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች። ማዳሟ ከሕፃን ጋር አይሆንም፣ ኸላስ፣ በቃ አለቻት። እኔም እዚያው ሱለይማኒያ ሰፈር ስሠራ ኖሬ ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ወሎ ልገባ ነበርና፣ ልጅቷ ከእኔ ጋር ሆነች። ኤርፖርቱ በር ላይ አቀበለችኝ። «እማ፣ ንፋስ እንዳይመታት» አለች። እንደ ጓዝ ተቀበልኩ።

አውሮፕላኑ ሳይነሳ ከአናቴ በላይ ካለችው ክብ ቀዳዳ ብርድ ይወርዳል። አጥብቄ ዘጋኋት። ከጎኔ ያለችው ሴትም «ደግ አደረጉ እትዬ» ብላ የራሷን ዘጋች። ሕፃኗን በብርድ ልብስ ጠቀለልኳት።

ትንሽ ቆይቶ ሲያጉረመርም የነበረው የአየር ድምፅ ጭጭ አለ። ሕፃኗ ፊቷ ቀልቶ፣ በላብ ተጠምቃ ትንፋሿ እስኪቆራረጥ አለቀሰች። አየሩ አለቀ አልኩ። ልወርድ፣ ለእናቷ ልመልሳት ተነሳሁ። ብመልስላትስ የት ታደርጋታለች?

በመስኮቱ በኩል የተቀመጠው ያገሬ ልጅ ኤርፖርት ውስጥ አውሮፕላን ጠጋኝ ነው፤ ለእረፍት ይገባል።

«ቁጭ ይበሉ እማማ። አየሩ ሞተር ሊያስነሳ ሄዶ ነው።»

«አየር ደሞ ሞተር ያስነሳል?»

«ጭራው ላይ ትንሽ ሞተር አለች፤ እስካሁን የምትነፋልን እሷ ነበረች። አሁን አየሯን ለትልቁ ሰጠች፤ በሱ ተሽከርክሮ ይነሳል። ከዚያ ትልቁ ሞተር ከውጭ አየር ስቦ ይጨምቃል፣ ከጨመቀው ለእኛ ይቀዳል።»

«ከነጭሱ?»

«ነዳጅ ሳይነካው ነው የሚቀዳው። ሲጨመቅ ግን እንደ እሳት ይግላል፤ አቀዝቅዘው ያስገቡልናል። ሰማይ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ የምንተነፍሰው ይሄንኑ ነው። እርስዎ ንፋስ ፈርተው ልጅቷን ሊቀቅሏት ነው እንዴ? ያላ፣ ይግለጧት!»

ሴትየዋ ሳቀች። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። ብርድ ልብሱን ገለጥኩት።

ሞተሩ አጓራ፤ አየሩም ተመለሰ። ቀዳዳዋን በጥቂቱ ከፍቼ ወደ ክንዴ አዞርኳት፤ ከክንዴ የተረፈው ለሷ ይደርሳል። ላቧ ደረቀ፤ ተኛች። ሪያድ በመስኮቱ ስር ስታልፍ የማየው የሕፃኗን ደረት ከፍ ዝቅ ሲል ነበር።

እንደወረድን ልጄ ደወለች።

«ንፋስ መታት እንዴ?»

«አልመታትም፤ ተኝታለች።»

ስልኩን ግን አልዘጋችውም። እኔም ስልኩን ከሕፃኗ አፍንጫ ጋ አስጠግቼ ያዝኩላት።