የአራስ ቅቤ

ይህን የምጽፈው እኅቴ እንድታነበው ነው። እናታችን በሕይወት ሳለች ነገሩ እንዲነገር አልፈቀደችም፤ አሁን የሚከለክል የለም። ያስታወሰኝ ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት ወልቂጤ ውስጥ በአንድ ምግብ ቤት ደጃፍ ሳልፍ ቅቤ እየተነጠረ ነበር፤ የኮሰረቱና የኮረሪማው ሽታ እስከ አስፋልቱ ወጥቶ የባጃጆቹን ጭስ ሸፍኖታል። ቆሜ ቀረሁ። አስተናጋጁ የተራብሁ መስሎት፣ "ግባ ወንድሜ፣ ቦታ አለ" አለኝ።

ያን ጊዜ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። አባቴ ከሰሜን መጥቶ እዚህ ያስተማረ መምህር ነበር። ካረፈ ቆይቷል፤ ቤታችን ግን "የመምህሩ ቤት" መባሉ አልቀረም፤ ደመወዙ ቀርቶ ስሙ ብቻ እንደ ነበረ ነበር። እናቴ የዚሁ የጉራጌ አገር፣ የቸሃ ልጅ ናት። በጓሯችን አንዲት ላም ስለ ነበረችን የውጆ አባል ነበረች፤ ውጆ ሴቶች ቅቤያቸውን እያዋጡ በየተራ ለአንዷ የሚሰጡበት ማኅበር ነው። የዚያ ዓመት ተራዋ ክረምቱ ሲወጣ ደረሰ። ቅቤውን አንጥራ በሸክላ ማሰሮ አደረገችው፤ አፉን በእንሰት ቅጠል አስራም ከአልጋዋ ራስጌ አስቀመጠችው። እኅቴ ቡታጅራ አግብታ የመጀመሪያ ልጇን ፀንሳ ነበር፤ ለመውለድ የምትመጣው ወደ እኛ ነው። ቅቤው የአራስነቷ ነበር። መስቀል ሲመጣ፣ በጉራጌ አገር ቅቤ የማይቀርብበት ቤት በማይኖርበት ቀን እንኳ፣ እናቴ ያንን ማሰሮ አልፈታችውም። ባጉረመርም፣ "የአንተን ሆድ እግዜር ያውቃል፤ ይህ የእሷ ነው" አለችኝ።

በመስቀል የከተማው ሰው ወደየገጠሩ ይወጣል፤ በገና ግን ሁሉም በቤቱ ነው። ስለዚህ የሰፈራችን ኮሚቴ ለችግረኞች የሚሆን ማዕድ የሚሰበስበው በገና ሰሞን ነበር። ሞንታርቦ የጫነ ባጃጅ በየበሩ ይቆማል። ማይክ የያዘው ወጣት የሰጪውን ቤትና የተሰጠውን ነገር ለሰፈሩ ያሰማል፤ ሴቶች እልል ይላሉ፤ ባጃጁ ወደሚቀጥለው በር ያልፋል። ያልሰጠ ቤት አይሰደብም። ባጃጁ ብቻ ሞተሩን ሳያጠፋ ጥቂት ይጠብቃል።

እኛ በር ሲደርስ እናቴ በከረጢት ሽሮ ይዛ ወጣች። ወጣቱ ከረጢቱን በእጁ መዘን አደረገና፣ "የመምህሩ ቤት ሽሮ ብሏል፤ እግዜር ይስጥልን" አለ። ከዚያ ሳቅ እያለ፣ በዚያው ማይክ፣ "እትዬ፣ ሽሮስ ሞልቷል፤ የጎደለን ቅቤ ነው። ከቸሃ ሴት ቤት ካልወጣ ከየት ሊወጣ ነው?" አላት።

ሰፈሩ ሳቀ። በልጁ ላይ ክፋት አላየሁበትም፤ ሲያመሰግንም ሲያሳፍርም ድምፁ አንድ ነበር። ባጃጁ ግን አልተንቀሳቀሰም። እናቴ ግራ ቀኙን አየት አድርጋ ወደ ውስጥ ተመለሰች።

በእናቴ አገር ደንብ፣ ቅቤ ለጠየቀ ሰው በማንኪያ ተቆንጥሮ አይወጣለትም፤ ያ እንደ ስስት ይቆጠራል። ዕቃው ከነሙላቱ ይቀርባል፤ ተቀባዩ በልኩ ቀንሶ፣ "ይብዛላችሁ" ብሎ ይመልሳል። እናቴ ማሰሮውን አቅፋ የወጣችው በዚህ ደንብ ነው። ቅጠሉን ፈታች፤ መጭለፊያውን ከላይ አድርጋ አቀረበችለት። ወጣቱ የከተማ ልጅ ነበር። መጭለፊያውን መልሶ ሰጣትና ማሰሮውን እንዳለ ባጃጁ ላይ ጫነው።

"ከመምህሩ ቤት አንድ ማሰሮ ቅቤ! እልል በሉ እንጂ!"

እልልታው ቀለጠ። እናቴ መጭለፊያውን እንደ ያዘች ቆማ ቀረች።

ከመስቃን መጥታ በርበሬ የምትነግደው ሙስሊም ጎረቤታችን ሁሉን ከበሯ ታይ ነበር። ባጃጁ እንደ ራቀ ገባች።

"አንቺ ሴት፣ የልጅሽን ቅቤ ምን አድርገሽ ነው?"

"ይቀንሳል ብዬ ነው።"

"ሂጂና ተቀበያቸዋ።"

"በማይክ የተጠራ ነገር እንዴት ይመለሳል?"

"በማይክ ይመልሱታ! ካፈርሽ እኔ እሄዳለሁ። ወላሂ፣ እኔ አላፍርም።"

እናቴ ፈገግ አለች እንጂ አልፈቀደችም። ማታ እኔን፣ "ለእኅትህ ምንም እንዳትነግራት። ከሰጡ በኋላ ተሳስቼ ነው ማለት ምጽዋቱን ያበላሸዋል" አለችኝ።

በገና ዕለት እናቴ በማዕዱ ላይ ቆጮና ጎመን ክትፎ ስታድል ዋለች፤ እኔ ውሃ አመላልስ ነበር። በጎመኑ ላይ የፈሰሰው ቅቤ የእኛ መሆኑን ከሽታው ዐወቅሁ። አንዲት አሮጊት አንድ ጊዜ ጎርሰው እጃቸውን ገታ አደረጉ።

"ይህ የአራስ ቅቤ ነው" አሉ። "ለወላድ እንዲህ ነው የሚነጠር። አራሷ ታዲያ ምን ልትበላ ነው?"

"አላት፣ እማማ። ይብሉ" አለች እናቴ፣ ጎመን እየጨመረችላቸው።

እኅቴ ከጥምቀት በኋላ ሴት ልጅ ወለደች። ጎረቤታችን ከገበያ ገዝታ በስኒ ያመጣችው ቅቤ ቶሎ አለቀ። የላማችን ቅቤ ለሌሎቹ የውጆ ተራ ይሄድ ስለ ነበር ከዚያ በኋላ በገንፎው መካከል የነበረው ዘይት ነው። እኅቴ አየችውና፣ "እማዬ፣ ያ ማሰሮስ?" አለች።

"ለገና ሰጠሁት።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

እኅቴ ልጇን አስተካክላ ታቀፈች። "በማይክ ተጠራልሽ አሉ" አለች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። እናቴ ድስቱን ማማሰሏን ቀጠለች። እሳቱ የላሟ ኩበት ነበር፤ ጭሱ ዐይን ያስለቅሳል፤ ስለዚህ የማንኛችንም ዐይን አልተመረመረም።

ክርስትና ሳይነሣ አማቷ ሚኒባስ ተከራይተው ከቡታጅራ መጡ። "እዚያ ቅቤም ሰውም ሞልቷል" አሉ፤ ይህንንም ያሉት በቅንነት ነው። እኅቴ ሄደች። ሁለተኛ ልጇንም እዚያው ወለደች። ለዓመት በዓል ትመጣ ነበር፤ ግን ሳታድር ለመመለስ ትቸኩል ነበር።

ኮሚቴው ማሰሮውን በሳሙና አጥቦ መልሶልናል። እናቴ በተራዋ እንደገና ሞልታው ነበር፤ የሳሙናው ሽታ ቅቤው ውስጥ ገባ። ያም ሆኖ እኅቴ ሁለተኛዋን እስክትወልድ ድረስ ከራስጌዋ አላነሣችውም።

የጠፋው ይህ ነው፦ አንድ ማሰሮ ቅቤ። ሁለት አራስነት። ለእኅቴ ያልተነገራት አንድ ዓረፍተ ነገር፦ "ይቀንሳል ብዬ ነው።"