ዶሮው አልነበረም

እስካለፈው ሳምንት ድረስ ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለባለቤቴ ለማርቆስም አልነገርኩትም። ለጸሎት ስንበረከክ እንኳ ዳር ዳሩን እዞረው ነበር እንጂ በስሙ አልጠራሁትም። አሁን ለእናንተ፣ ጆሃንስበርግና አካባቢው ላላችሁ ወገኖቼ፣ ልጥራው። ያልበሰለ አደንጓሬ ለእንግዶቼ አበላሁ፤ ሰው ታመመ፤ ጥፋቱን ግን ምንም ባላደረገች ሴት ላይ ጣልኩት። ስሟ አስቴር ነው።

አስቴር የዱራሜ ልጅ ናት። ጆሃንስበርግ ስትመጣ ማረፊያ ስላልነበራት ትሮይቪል ከተከራየነው ቤት አንዷን ክፍል ለቀቅንላት። እጇ ላይ ሙያ አለ። በየታውንሺፑ፣ በከተማው ዳር ባሉት የጥቁሮች ሰፈሮች፣ ስፓዛ የሚባል ትንሽ ሱቅ ከፍተው ከሱቃቸው ንቅንቅ ማለት ለማይችሉ ያገራችን ልጆች ምሳ እየሠራች በታክሲ ታደርስላቸው ጀመር። ሥራው ገና መቆም እየጀመረ ነበር። እኔን "እህቴ" ነበር የምትለኝ። ሰው ሁሉ የእሷን እጅ ሲያመሰግን ግን እኔን ደስ አይለኝም ነበር። ይህን ለምን እደብቃለሁ?

ከዓመታት በፊት አንድ ቅዳሜ የልጃችንን ልደት ምክንያት አድርገን የቤተክርስቲያን ሰዎችን ጓሯችን ጠራን፤ እዚህ አገር ብራይ የሚሉት ጥብስ ነው። ከሰሉ የማርቆስ፣ ዶሮው የአስቴር ሆነ። እኔ ከጥብሱ ጋር የሚበላውን ቤክድ ቢንስ፣ የአደንጓሬ ወጥ፣ ልሠራ ያዝኩ። በሱቃችን በቆርቆሮ የምንሸጠው ነው። ጥቂት ቆርቆሮ ከፍቼ ባሞቅ ማን ምን ይለኝ ነበር? ግን የሴቶች ኅብረት መሪ ነበርኩ፤ "ራሷ ከጥሬው ነው የሠራችው" እንዲባልልኝ ፈለግሁ።

ቀይ አደንጓሬ ገዛሁ። ማታውን መዘፍዘፍ ነበረብኝ፤ ረሳሁት። ጠዋት ለብ ባለ ውሃ ነካ አድርጌ አወጣሁትና መጀመሪያ ሳላንተከትክ ከሽንኩርት፣ ከቲማቲም ድልህና ከቡናማ ስኳር ጋር ቀላቅዬ ኦቨን ውስጥ ከተትኩት። ብዙም ሳይቆይ መብራት ጠፋ። የሰፈራችን የሎድሼዲንግ፣ መብራት በፈረቃ የሚጠፋበት፣ ተራ ነበር። ድስቱን አውጥቼ ማርቆስ ያቀጣጠለው ከሰል ላይ ጥጄ ብዙ ሰዓት ላንተክትከው እችል ነበር። አላደረግሁትም። እንግዶች ሲገቡ ወጤ ገና እሳት ላይ ሆኖ እንዲያዩት አልፈለግሁም። መብራቱ ሲመለስ ትንሽ አሞቅሁትና አንድ ፍሬ ቀመስኩ። መሃሉ ድርቅ ያለ ነበር፤ ጥርሴ ላይ ተሰማኝ። ተሰምቶኝ ነበር እያልኳችሁ ነው። እኔ እኮ እናቴ "ጥሬው ሰው ያሳምማል" እያለች አደንጓሬ ስትቀቅል ግማሽ ቀን እሳት ስትማግድ እያየሁ ያደግሁ ነኝ። ስኳርና በርበሬ ጨመርኩበትና አቀረብኩት።

ወደዱት። "ይህማ ከቆርቆሮው በምን ይገናኛል" ሲሉኝ ሳህናቸውን ደግሜ ሞላሁ። ሳስተናግድ እኔ አልበላሁም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አንዱ ሆዱን ይዞ ከአጥሩ ጥግ ቆመ፤ ቀጥሎ ሁለት ሴቶች ወደ መጸዳጃ ቤት ሮጡ። ከዚያ የወንድም ታደሰ ትንሿ ልጅ ቤቴል ማስመለስ ጀመረች፤ አላቆም አላት። አባቷ አቅፏት ወደ መኪናው ሲሄድ ወደ እኔ ዞረ።

"ምንድን ነው የበላችው?" አለኝ።

"ዶሮው ነው መሰለኝ" አልኩ። "መሃሉ ሳይበስል ቀርቶ ይሆናል።"

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም በአፌ አላስቀመጠልኝም። አስቴር ከፍሙ አጠገብ መቆንጠጫውን እንደያዘች ቆማ ሰማችኝ። ሄዳ በሳህኑ ላይ የቀረውን የዶሮ ቁራጭ በእጇ ከፍላ መሃሉን አየችው።

ያን ጊዜ አላወቅሁም ነበር ልል እችላለሁ። እሺ፣ ያን ጊዜ ጠረጠርኩ እንጂ እርግጠኛ አልነበርኩም። ማግስቱንስ? ከቤተክርስቲያን ስመለስ ከድስቱ የተረፈውን አደንጓሬ ከፍሪጅ አውጥቼ በዳቦ በላሁ። ብዙም ሳልቆይ እንደ እነሱ አስመለሰኝ። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጬ፣ ግንባሬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ አወቅሁ። ዶሮ አልቀመስኩም ነበር። ተነሥቼ የቀረውን በፌስታል ቋጥሬ ጣልኩት፤ ድስቱንም አጠብኩት። ለማርቆስ ጉንፋን ነው አልኩት።

ቤቴል ሆስፒታል ጉሉኮስ ተሰክቶላት አድራ ዳነች። ወሬው ግን አልዳነም። ምሳ የምታደርስላቸው ጀርሚስተን ያሉት ባለሱቆች አንድ በአንድ ለአስቴር እየደወሉ "ለጊዜው ይቆይልን" አሏት። ወንድም ታደሰ በቤተክርስቲያን በር ላይ ሲያልፋት ፊቱን ያዞር ጀመር። አንድ ቀን ወጥ ቤት ገብታ ከአጠገቤ ቁጭ አለች።

"እህቴ፣ ያንን ዶሮ ሳስበው ነው የምውለው" አለችኝ። "የቱ ጋ ነው ጥሬ የቀረው? ልጅቷ ብትሞትስ ኖሮ?"

እኔስ ምን አልኳት? "አይዞሽ፣ በማንም ይደርሳል። ጌታ ይቅር ይልሻል፤ እኔም አልተቀየምኩሽም" አልኳት። እሷ እጄን ሳመች። በሠራሁት በደል እኔው ይቅር ባይ ሆኜ ቁጭ አልኩ። ከውሸቱ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ያ መሳም ነው። ወሩ ሳያልቅ እቃዋን ሰብስባ ከቤታችን ወጣች። የት እንደገባች አልጠየቅሁም። ብጠይቅ ላገኛት እችል ነበራ።

ባለፈው ሳምንት ለሱቅ እቃ ልገዛ ፎርድስበርግ ሄጄ፣ መጋረጃና አልጋ ልብስ ከሚሸጥበት ድንኳን ስር ቆማ አየኋት። ከአንዲት ደንበኛ ጋር በዙሉ ቋንቋ እየቀለደች ጨርቅ ትለካለች። ልሸሽ ዞር ስል ጠራችኝ። አቅፋ ሳመችኝ፤ ስለ ልጆቼ ጠየቀችኝ፤ የራሷን ወንበር ሰጠችኝ።

"ምግቡን ተውሽው?" አልኳት፣ ሌላ የምለው ቢጠፋኝ።

"ከዚያ ወዲህ ለሰው አብስዬ አላውቅም" አለችኝ። "ለራሴም ዶሮ አልሠራም። የዚያችን ልጅ ፊት አስታውሳለሁ።"

ሥራዋን ብቻ ያጣች መስሎኝ ነበር እስከዚያች ደቂቃ። ልጅ መርዣለሁ እያለች እንደኖረች አላሰብኩም፤ ላስብ አልፈለግሁም። እዚያው ወንበሯ ላይ ተቀምጬ ነገርኳት። ስለ መብራቱ፣ ጥርሴ ላይ ስለተሰማኝ ፍሬ፣ ስለ እሁዱ ዳቦ፣ ሁሉንም።

መለኪያ ሜትሯን በእጇ እየጠቀለለች ሰማችኝ።

"ዶሮው አልነበረም?" አለች።

"አልነበረም።"

"በስሎ ነበር?"

"በደንብ በስሎ ነበር፣ አስቴር።"

"እስቲ ድገሚው።"

ደገምኩላት። በሻሿ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ቀና ስትል ግን ዓይኗ ሌላ ነበር። "እጅሽን ስሜ ነበር" አለችኝ። "ለወንድም ታደሰ ነግረሽዋል?"

"አልነገርኩትም።"

"አሁን ደውይለት። እኔ እየሰማሁ።"

ስልኩን በስፒከር አድርጌ ደወልኩ። እስከ መጨረሻው ተናገርኩ። "እኔ ከአስቴር ፊቴን አዙሬ ነው የኖርኩት" አለ ወንድም ታደሰ። "አጠገብሽ ካለች ስጪኝ።"

ስልኬን ተቀብላኝ በመጋረጃዎቹ መሃል ወደ ውስጥ ገባች። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። አንዴ ግን ሳቋን ሰማሁ። ስትመለስ ስልኩን ሰጠችኝና "አሁን ሂጂ" አለችኝ። "ስችል እደውልልሻለሁ።" ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም፤ እኔም በዪኝ ብዬ አላስቸገርኳትም።

ማታ ለማርቆስ ነገርኩት። እሁድ በሴቶች ኅብረት ፊት ቆሜ ተናገርኩና የመሪነቱን ቦታ ለቀቅሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀሎኛል። ከስንት ጊዜ በኋላ ምግብ ይጥመኝ ጀመር፤ ስጸልይም ዳር ዳሩን መዞር ቀረ። ግን ቀለለኝ ማለት ጥፋቴ ቀለለ ማለት አይደለም። መብራቱ በመጥፋቱ አላመካኝም፤ መብራት የሁሉም ቤት ይጠፋ ነበር። ወጣት ነበርኩም አልልም።

አስቴር እስካሁን አልደወለችም። ባትደውልም አልፈርድባትም። ከእናንተ የምለምነው ግን አንድ ነገር አለ። ጀርሚስተንም ሆናችሁ ሌላ ቦታ፣ "የአስቴር ምግብ ሰው ያሳምማል" ሲባል ሰምታችሁ ለሌላ ያወራችሁ ካላችሁ፣ ያወራችሁለትን ሰው ፈልጉና ውሸት እንደነበር ንገሩልኝ። ማን አለ ካሏችሁ ስሜን ጥሩ፤ ወርቅነሽ እባላለሁ።