በሙሴ ላይ የቆለፈው ጸሐፊ

ሥራ አስኪያጅ ነበርኩ። የማስተዳድረው ሠራተኛ አንድ ነበር። እሱም ይረሳል።

ቢሮአችን ፒያሳ፣ ከአንድ የጨርቃ ጨርቅ መደብር በላይ፣ በእንጨት ደረጃ የሚወጣበት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ጣሊያን ወጥቶ፣ ንጉሡ ተመልሰው፣ ከተማው ወግ ወጉን መያዝ የጀመረበት ዘመን ነበር። ነጋዴው ዕቃ ከውጭ ያስመጣል፤ ዕቃው ከጅቡቲ በባቡር መጥቶ ጉምሩክ ይቀመጣል፤ እኛ ደግሞ ወረቀቱን አዘጋጅተን፣ በየመስኮቱ ተከራክረን እናስወጣለታለን። ባለቤቱ አዲስ አበባ ያደጉ አርመን አዛውንት ናቸው። ያን ጊዜ ፈረንጅ የመሰለ ሁሉ “ሙሴ” ይባል ስለነበር እኛም ሙሴ እንላቸዋለን። አማርኛቸው ከእኔ የሚለየው ሲናደዱ ይበልጥ ማማሩ ላይ ብቻ ነው።

ጸሐፊያችን እንዲህ በቀላሉ የሚገኝ ሰው አልነበረም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ፈረንሳይኛውን እንደ አማርኛው ይጽፋል፤ የጽሕፈት መኪናውን ጣቶቹን ሳያይ ይመታል፤ ማንንም የማይሰማ የጉምሩክ ሹም እሱ ሲያስረዳው ብዕሩን ያነሳል። እኔ ሳምንት ሙሉ የተመላለስኩበትን ጉዳይ እሱ አንድ ጠዋት ሄዶ ጨርሶት ይመጣል። ጨርሶት ይመጣል ስል፣ የተፈረመውን ወረቀት እዚያው ሹሙ ጠረጴዛ ላይ ትቶት ይመጣል ማለቴ ነው።

አንድ ቀን ጫማውን ለሊስትሮ ሰጥቶ፣ ሊስትሮው ያዋሰውን ነጠላ ጫማ አድርጎ ቢሮ ገባና በዚያው ዋለ። ከባንክ የመጡ ሁለት የተከበሩ ሰዎች ሲያነጋግሩት እግሩን አነባብሮ፣ የእግር ጣቶቹን እያወዛወዘ፣ በጣም ጥሩ ማብራሪያ ሰጣቸው። ሰዎቹ ማብራሪያውን ይስሙ አይስሙ እኔ አላውቅም፤ ዓይናቸው ግን ከጣቶቹ አልተነቀለም። ሌላ ቀን ጋሪ ተሳፍሮ ጊዮርጊስ ደረሰና ባለጋሪውን “ጠብቀኝ” ብሎት ወረደ። ጉዳዩን ጨርሶ በእግሩ ወደ ቢሮ ተመለሰ። ባለጋሪው ሊመሽ ሲል አፈላልጎ አገኘን። ስድቡን የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤ ሥራ አስኪያጅ ለምን ሆንኩ?

እንግዲህ ለማስተዳደር ነው የተቀጠርኩትና አስተዳደርኩ። የማይረሳ ነገር ሲኖረው የእጅ ሰዓቱን ከግራ እጁ ወደ ቀኝ እጁ እንዲያዞር መከርኩት። በማግሥቱ ሰዓቱን በቀኝ እጁ አስሮ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመ።

“ጋሼ፣ ምን ነበር የማልረሳው?”

“እኔ ምን አውቄ? ሰዓቱን ያዞርከው አንተ!”

“እርስዎ ያስታውሱኛል ብዬ እኮ ነው” አለኝ፤ ቅር ብሎት።

የመሳቢያውን ቁልፍ ደግሞ በገመድ ከቀበቶው ጋር አሰርኩለት። በዚህ ብልሃቴ በጣም ኮርቼ አደርኩ። ጠዋት ሌላ ሱሪ ለብሶ፣ በቀበቶው ፈንታ በማንገቻ ተወጥሮ መጣ።

አብዝቼ የደከምኩት ግን በር መቆለፍ ላይ ነው። ደረጃውን ወርደን መንገድ ከያዝን በኋላ “ቆልፈሃል?” እለዋለሁ። ቆም ብሎ ሰማይ ሰማይ ያያል። ተመልሰን ስንወጣ በሩ ገርበብ ብሎ ይጠብቀናል። ዓመት ሙሉ “በር ቆልፍ” አልኩት። በልመና አልኩት፣ በቁጣ አልኩት፤ አንዴማ በእግዚአብሔር ስም አልኩት።

አንድ ቅዳሜ፣ ሥራ የምንዘጋው እኩለ ቀን ላይ ስለሆነ፣ እኔ ቀደም ብዬ ወደ ቀብር ስሄድ የውጭውን በር ቁልፍ ለእሱ ተውኩለት። ቁልፉ አንድ ብቻ ነበር። “እንዳትረሳ” ብዬ ወጣሁ፤ ከደረጃው ግማሽ ተመልሼ ደገምኩለት።

አልረሳም። ሰዓቱ ሲደርስ መስኮቱን ዘጋ፣ የጽሕፈት መኪናውን አለበሰ፣ በሩን ቆለፈ፣ መቆለፉንም ገፍቶ አረጋገጠ። ከዚያ ቁልፉን ኪሱ ከቶ፣ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ የደረሰ ሚስቱን ለማየት ከከተማ ውጭ ወዳሉት አማቶቹ ሄደ። የረሳው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሙሴ በውስጠኛው ክፍል፣ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ሸለብ አድርጓቸው ነበር።

እኔ ከቀብር ስመለስ መንገዱ በሰው ተጨናንቋል። ሙሴ በሸሚዝና በማንገቻ በረንዳው ላይ ቆመው፣ ያን የሚያምረውን አማርኛቸውን በአራዳ ላይ ያወርዱታል። ከታች ያለው ሕዝብ ደግሞ ምክር አላጣም።

“ሙሴ ይዝለሉ፣ እንይዝዎታለን!”

“አንተ ነህ የምትይዛቸው? ሆዳቸውን አይተኸዋል?”

“ተዋቸው ባክህ፤ ሲኒማ ገብተን ከምንከፍል ይኼው በነጻ!”

መጨረሻ የሲኒማ ቤት ማስታወቂያ የሚሰቅሉ ሰዎች መሰላላቸውን አምጥተው አወረዷቸው። እግራቸው መሬት ሲነካ ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም ሳላስበው አጨበጨብኩ። ሙሴ አይተውኛል።

ሰኞ ጠዋት ጸሐፊያችን ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣ። ፊቱ በርቷል። ቁልፉን በሁለት እጁ ዘረጋልኝ።

“ጋሼ፣ ቆልፌ ነው የሄድኩት!”

ሙሴ አጠገቤ፣ የተቆለፈው በር ፊት ቆመዋል። አሁን ጉድ ፈላ ስል እጃቸውን ዘርግተው ጨበጡት፤ “ሚስትህ እንዴት ናት? አይዞህ” አሉት። በሩን ከፍተን ስንገባ እኔን ወደ ክፍላቸው አስገቡና በራቸውን ዘግተው በሹክሹክታ፣ “ዛሬውኑ አሰናብተው። ከእኔ መጣ ግን እንዳትል” አሉኝ።

“ለምን እርስዎ አይነግሩትም?”

“ሚስቱ ልትወልድ ነው፤ ፊቱን እንዴት አያለሁ? ሥራ አስኪያጁ አንተ አይደለህም?”

ለካ ማዕረጌ ለእንዲህ ያለው ቀን የተቀመጠ ኖሯል። ወጣሁና ነገርኩት። መጀመሪያ ስለ ሌላ ሰው የማወራ መሰለው። “አንተን ነው” ስለው የገለጠውን የጽሕፈት መኪና መልሶ አለበሰ። ሥራ ያለ ዘመድና ያለ ዋስ በማይገኝበት ከተማ፣ ሊወለድ ቀናት የቀሩት ልጅ ይዞ፣ የት ይሂድ? አንጀቴን በላው።

“ሙሴ ያውቃሉ?” አለኝ።

“የእኔ ውሳኔ ነው” አልኩት፤ እንደታዘዝኩት።

ኮቱን አንስቶ ሲወጣ ሙሴ ከክፍላቸው ብቅ ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። “አይዞህ ልጄ” አሉት ደግመው፤ እኔንም በወቀሳ ዓይን አዩኝ። እንዲህ ያለ ትወና እዚያ አጠገባችን ባለው ሲኒማ ቤት እንኳ አላየሁም።

በዚያ ሳምንት ወረቀቱን እኔ ጻፍኩ። ፈረንሳይኛዬ ጉምሩክ ውስጥ ትልቅ ደስታ ፈጠረ፤ ሹሞቹ ተጠራርተው ያነቡት ነበር። ዕቃ ግን አንድም አልወጣም። ነጋዴዎቹ ከራስ መኮንን ድልድይ ድረስ ሽቅብ እየወጡ ደጃችን ላይ ይጮሁ ጀመር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አምስት ኪሎ በሚገኘው ቤቴ ቁጭ ብያለሁ፤ በር ተንኳኳ። ስከፍት ሦስት ሰዎች ተሰልፈው ቆመዋል። አንዱ የጸሐፊያችን የነፍስ አባት የሆኑ ቄስ ናቸው። ሁለተኛው ከደንበኞቻችን አንዱ፣ የጉራጌው ነጋዴ ሐጂ ናቸው። ሦስተኛው በሙሉ ልብስና በክራባት ላይ ነጭ ነጠላ የደረቡ ሙሴ ናቸው።

ደነገጥኩና “ግቡ፣ ተቀመጡ” አልኩ።

“አንቀመጥም” አሉ ቄሱ። “ለሽምግልና ነው የመጣነው። የመጣንበት ሳይፈጸምልን አንቀመጥም።”

ቀስ እያለ ገባኝ። ያ የዋህ ሰው የተቀየምኩት እኔ መስዬው፣ እኔ ዘንድ ቃሉ የሚሰማ ትልቅ ሰው ሲያስብ፣ በእውነት ያባረሩት ሙሴ ዘንድ ሄዶ “ሽማግሌ ይሁኑኝ” ብሏል። እሳቸውም እምቢ ማለት አልቻሉም። ሽማግሌ ሁን ተብሎ እምቢ የሚል ሰው እዚህ አገር እንዴት ይኖራል? ያባረርኩትስ እኔ ነኝ ቢሉ፣ ያን ሁሉ “አይዞህ” ምን ያደርጉታል?

“ልጁ ምን አጥፍቶ ነው?” አሉ ቄሱ።

“ሰው ላይ ቆልፎ ሄደ።”

“በማን ላይ?”

“በሙሴ ላይ።”

ቄሱና ሐጂ ዞረው ሙሴን አዩዋቸው። ሙሴ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

“እኔ ይቅር ካልኩት ቆየሁ” አሉ፣ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ነው። “ይቅር ያላለው እሱ ነው።”

“እርስዎ ይቅር ካሉማ እሱ ምን አገባው?” አሉ ሐጂ፤ ተቆጥተው። “ልብህ እንዲህ ድንጋይ ነው እንዴ? የእኔ ጨርቅ እኮ ጉምሩክ በስብሶ አለቀ!”

እውነቱን ልናገር፣ ደስ እያለኝ መጣ። እንዲህ ያለ ቀን በሰው ዕድሜ አንዴ ቢገኝ ነው። ፊቴን አኮሳተርኩና ስለ ሥርዓት፣ ስለ ሥራ ዲሲፕሊን ረጅም ንግግር አደረግሁ። “ባለቤቱ ቢምረው እንኳ እኔ ኃላፊነት አለብኝ” አልኩ። ሙሴ የሚያማቸው ጉልበታቸው ላይ ቆመው አዳመጡኝ። ከዚያ ልጁን ያመሰግኑት ጀመር። ብልህነቱን፣ ቋንቋውን፣ በጉምሩክ መከበሩን፣ በማንም ላይ ክፉ አለመናገሩን ዘረዘሩ። ሲጀምሩ ድምፃቸው የነጋዴ ነበር። እየቆየ ተለወጠ። እኔ ዓመት ሙሉ ልነግራቸው የፈለግሁትን ሁሉ እሳቸው ነገሩኝ።

“አሁንም ይከብደኛል” አልኩ፤ ትንሽ ላራዝመው ፈልጌ።

ሙሴ ባርኔጣቸውን ለሐጂ ሰጡ። አንድ እጃቸውን ግድግዳው ላይ ደግፈው፣ እያቃሰቱ፣ ጉልበቴ ላይ ሊወድቁ ጎንበስ አሉ። ራሰ በራቸውን ከላይ አየሁት። ሳቄ በአንዴ ጠፋ። ዘልዬ ብብታቸውን ይዤ አነሳኋቸው።

“ኧረ በእግዚአብሔር! ይቅር ብያለሁ! ይቅር ብያለሁ!”

ጥፋተኛው ይጠራ ተባለ። ደጅ ላይ የለም። ሐጂ ወጥተው ሲፈልጉ፣ ለይቅርታ እንደሚደረገው አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ የጎረቤቴ በር ላይ አጎንብሶ አገኙት። የጎረቤቴ ሚስት ፊቱ ቆማ፣ ምን በድሏት እንደሆነ እየደጋገመች ትጠይቀዋለች። አምጥተው ድንጋዩን አወረድንለት፤ ጉልበቴን ሳመኝ፤ ሰኞ በጠዋት እንዲገባ ነገርኩት። ዓይኑ እንባ ሞልቶ የሦስቱንም እጅ ሳመ፤ ሙሴን ሁለቴ።

ሌሎቹ ቀድመው ሲወጡ ሙሴ በሩ ላይ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

“እኔ ጥርሴን የነቀልኩት እዚህ አገር ነው” አሉኝ። “ብድር የጠየቀኝ ሰው አለ። ሥራ የጠየቀኝ አለ። ዋስ ሁነኝ ያለኝ አለ። ሽማግሌ ይሁኑኝ ያለኝ ግን ይኼ ልጅ የመጀመሪያው ነው።”

ነጠላውን በመዳፋቸው ዳሰሱት።  አሳዘኑኝ፤ ስንት ዘመን አብሬያቸው ስሠራ እኔም አንድ ቀን እንዲህ ያለ ነገር ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር።

ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው ቀጥ አሉና ጣታቸውን ደረቴ ላይ ቀሰሩ።

“ስማ! ሚስቱ ልትወልድ የደረሰችን ሰው ማባረር ቀላል ነገር መሰለህ? ሁለተኛ እኔን ሳታማክር እንዲህ ያለ ነገር እንዳታደርግ!”

“ይቅርታ ሙሴ፣ አይለምደኝም” አልኳቸው።