ጥርስ ቆጣሪዋ

ይህ ነገር የደረሰብኝ የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን የገበሬውን መሬት ሊወስድ ነው የሚለው ተቃውሞ በተቀጣጠለበት ዓመት፣ በኅዳር ወር፣ ከሰበታ ወደ ሱባ ደን በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ዓመታት አልፈዋል። እስከ ዛሬ ግን ትዝ ሲለኝ መጀመሪያ ዞር ብዬ ኋላዬን አያለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቅ ያፍነኛል። የሞት ፍርሃትና የሆድ ሳቅ በአንድ ጠዋት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ያኔ ሰበታ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ትምህርቴን አሥረኛ ክፍል ላይ ባቆምም ግጥም መጻፍ አላቆምኩም። እንግሊዝኛን ከሬዲዮና ሰዎች ኮፒ ሊያስደርጉ ከሚያመጧቸው መጻሕፍት ለቃቅሜ ተማርኩ። አማርኛና ኦሮምኛ ከሰፈር ነው፤ የቱን ቀድሜ እንደቻልኩ እናቴም አታውቅ። አንድ ቦታ ረግቶ መቀመጥ አልችልም። ስለዚህ አንድ ቀን ጠይም፣ ፀጉረ ሉጫ ወጣት ገብቶ ካርታ ኮፒ ካስደረገ በኋላ፣ ደኑን የሚያውቅ አስተርጓሚ አገኝለት እንደሆነ በእንግሊዝኛ ሲጠይቀኝ፣ አሠሪዬን እንኳን ሳላማክር አግኝተሃል አልኩት።

ስሙ ሄሪ ነው። አገሩ ማዳጋስካር። አዲስ አበባ ለትምህርት መጥቶ፣ ለመመረቂያ ጥናቱ የመረጠው የእኛን እስስት ነው። በዓለም ላይ ካሉት የእስስት ዓይነቶች ግማሽ ያህሉ በእሱ ደሴት እንደሚኖሩ ነገረኝ። ታዲያ እዚህ ምን አመጣህ ስለው፣ የእናንተዋ ብርድ ትችላለች፤ እንዴት እንደምትችል ማወቅ እፈልጋለሁ አለኝ። ለእስስት ብሎ ባሕር የተሻገረ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በእኛ ሰፈር ልጆች የምናድገው "እስስት ጥርስህን ከቆጠረችው ይረግፋል" እየተባልን ነው። ስናያት አፋችንን በመዳፋችን ጥርቅም አድርገን እንሮጣለን። ትልልቆቹም ያው ናቸው። አናምንበትም ይላሉ፤ ግን አፋቸውን ይሸፍናሉ። ይህን ለሄሪ ነግሬው ስቆ ነበር።

ሥራችን እንዲህ ነበር። ፀሐይ እንደጠለቀች በየማሳው ዳር ያለውን የአጋምና የቅትክታ አጥር በግንባር መብራት እንፈትሻለን። እስስት ስትተኛ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ትወጣለች፤ ቆዳዋ ስለሚነጣ በመብራት ቶሎ ትታያለች። ሄሪ በሜትር ይለካታል። ከዚያ በነጋታው ቦታዋን እንዲያውቀው ቅርንጫፏ ላይ ብርቱካናማ የላስቲክ ሪባን ያስርና ይተዋታል። ከደን ጠባቂዎቹ ፈቃድ ነበረን። አጥሩን ግን የማንም ስላልመሰለን ገበሬዎቹን አልጠየቅንም።

ስንሄድና ስንመለስ ስለ ደሴቱ ያወራኛል። አባቱ ሩዝ ያመርታሉ። የጎረቤት ሰው ቫኒላ ያለማል፤ የቫኒላ አበባ የምትከፈተው ለአንድ ጠዋት ብቻ ስለሆነ፣ ሴቶቹ በማለዳ ተነስተው እንድታፈራ የእያንዳንዷን አበባ ብናኝ በእሾህ ጫፍ ያገናኛሉ። ቅርንፉድ ሲለቀም ሽታው መንደሩን በሙሉ ያውደዋል። ዛፍ ላይ ሽኮኮ የሚያህል፣ ሌሊት ዓይኑ እንደ ፋኖስ የሚበራ እንስሳ አለ። እኔ ባሕር እንኳን አይቼ የማላውቅ ሰው፣ እሱ ባወራ ቁጥር ጨው የሚሸተኝ ይመስለኝ ነበር።

ሳምንቱ ግን ጥሩ አልነበረም። ቡራዩም ሱሉልታም ሰበታም መንገድ በድንጋይ ተዘግቷል። ትምህርት ቤት የለም፤ ታክሲ የለም። ሄሪ እንቅር እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። ገጠሩ ሰላም ነው፣ በእግር እንሄዳለን አልኩት። እውነቱን ለመናገር ቤት መዋል አልቻልኩም።

ያን ጠዋት አጥሩ ጋ ስንደርስ ሪባኖቻችን ከሩቅ ይታያሉ። ጤፉ ታጭዷል፤ ክምሩ እዚህም እዚያም ቆሟል። ከአውድማው በኩል ሰዎች ሲመጡ አየሁ። መጀመሪያ ጥቂት ነበሩ። ዞር ስል ከኋላችንም ሌሎች መጡ። ሁሉም ዱላ ይዘዋል። ከፊት የሚመራው ቶላ ነው። ቶላን አውቀዋለሁ፤ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ተምረናል። በእጁ አንድ ብርቱካናማ ሪባን ጨብጧል።

"ገጣሚው፣ ቤት ትመታለህ ሲሉን እኛ ማሳ ላይ አልመሰለንም ነበር" አለኝ። ከሰዎቹ መካከል አንድም አልሳቀም።

ያኔ ገባኝ። ዓይኔ ስል ነው እያልኩ የምኮራ ሰው፣ ለካ ሪባኑን እነሱ በሚያዩበት ዓይን አላየሁትም ነበር። በዚያ ወር በማሳ ዳር የታሰረ ነገር ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅም ያውቃል።

ከቶላ ጀርባ መንሻቸውን እንደያዙ ከአውድማ የመጡ ሽማግሌ ቆመዋል። ኦቦ ጉርሙ ይባላሉ፤ አጥሩም ማሳውም የእሳቸው ነው። ድምፃቸውን ሳያነሱ ተናገሩ።

"የወንድሜን መሬት ሲወስዱት መጀመሪያ ክር አሰሩ። ቀጥሎ ችካል ተከሉ። ከዚያ አጥር አጠሩ። እኔ ክሩን አይቻለሁ፤ ችካሉን አልጠብቅም።"

ለማን ነው የምትለኩት ተባልኩ። ለማንም አይደለም፣ እስስት ነው የምንፈልገው አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ፌዝ መሰለኝ። ሕዝቡ አጉረመረመ፤ አንዱ ያሾፉብናል አለ። ሌላው የሄሪን ቦርሳ ቀማና መሬት ላይ ዘረገፈው። ሜትር ወጣ። ካርታ ወጣ። የግንባር መብራት ወጣ። ለካ ማታ ማታ በአጥሩ ጥግ የሚሄድ ብርሃን አይተው ኖሯል። እያንዳንዱ ዕቃ ሲወጣ ክቡ ይጠብብን ነበር።

እኔ በኦሮምኛም በአማርኛም ለመንኩ። ስለ ደሴቱ፣ ስለ ጥናቱ፣ ስለ ብርዱ ዘረዘርኩ። ቃል ሞልቶኛል ብዬ የማስብ ሰው ነበርኩ። ባበዛሁ ቁጥር ግን ውሸት እየመሰለ ሄደ። ሄሪ ክንዴን ይዞ ምን እያሉ ነው አለኝ። ግማሹን ብቻ ነገርኩት። ፊቱ ዐመድ መሰለ፤ ቢሆንም እናሳያቸው አለ፤ ይህን ተረጎምኩላቸው።

"ያሳየን" አሉ ኦቦ ጉርሙ። "ክሩ ያለበት እስስት ካለች፣ ዓይናችን ይመስክር።"

"ከሌለች ግን ከዚህ አትወጡም" አለ ቶላ።

አንድ ነገር ግን አለ። እስስቷ ሪባኑ ጋ የምትሆነው ስትተኛ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ሙቀት ፍለጋ ትሄዳለች፤ ቅጠል መስላ እዚያው ብትኖር እንኳን ማን ያያታል? ይህን እኔም ሄሪም እናውቃለን። ለሕዝቡ ለመንገር ግን ድፍረቱ አልነበረንም።

የመጀመሪያው ሪባን ጋ ሄድን። ሄሪ ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ ገለጠ። ምንም የለም። ሁለተኛው ጋ ሄድን። ቀጋ እጁን ቧጠጠው፤ አልተሰማውም። ምንም የለም። አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ሲያነሳ አየሁ። ሦስተኛው ትልቅ ቅትክታ ነው። ሄሪ ዙሪያውን ዞረ፣ ተንበረከከ፣ ወደ ላይ አየ። የለችም።

ቶላ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዞረ። ጀርባውን ለቅትክታው ሰጥቶ ዱላውን ከፍ አደረገና "አያችሁ!" ብሎ ጀመረ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ጩኸት ጠበቅሁ። ጩኸት የለም። የሰማሁት ጠፍ፣ ጠፍ የሚል ድምፅ ነው፤ መዳፍ ከንፈር ሲመታ። ዓይኔን ስገልጥ ያ ሁሉ ሰው፣ ዱላ የያዘው፣ ድንጋይ ያነሳው፣ በአንድ እጁ አፉን ጥርቅም አድርጎ ሸፍኗል። ኦቦ ጉርሙም ሸፍነዋል። ዓይናቸው ሁሉ ቶላ ላይ ፈጧል።

ቶላ ግራ ገባው። ዱላው እንደተነሳ፣ አፉ እንደተከፈተ ቀረ። "ምን ሆናችሁ?" አለ።

ኦቦ ጉርሙ ከመዳፋቸው ሥር ተናገሩ።

"ቶላ። አፍህን ዝጋ።"

የቶላን ጃኬት ከነካው የቅትክታ ቅርንጫፍ ላይ ወርዳ፣ ትከሻው ላይ አንዲት አረንጓዴ እስስት ቆማለች። እንደ ሰካራም ወደ ፊት ወደ ኋላ እያለች አንድ እግሯን ታነሳለች፣ ታስባለች፣ ታስቀምጣለች። አንዱ ዓይኗ እኛን ያያል። ሌላው ዓይኗ ተሽከርክሮ ቶላ አፍ ላይ ተተክሏል።

ቶላ በጥግ ዓይኑ አያት። አፉን ገጠመ። ዱላው ከእጁ ወደቀ። ያ ጎበዝ ሳር የመሰለ ነገር ሆኖ ቆመ፤ ነፋስ ቢነካው ይወድቃል።

ሄሪ ወደ እሱ ተራመደ። ያስቆመው የለም። ለማስቆም ነፃ እጅ ያስፈልጋል፤ የሁሉም አንድ እጁ ዱላ፣ አንድ እጁ አፉ ላይ ነው። ጠቋሚ ጣቱን ከፊቷ ዘረጋላት። እየደጋገመች አሰበች። ከዚያ በተሰነጠቁ ጣቶቿ ጨበጠችውና ወጣችበት። ከመሬት ላይ ሜትሩን አንስቶ ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ጫፍ ለካት። ሰው ሁሉ የፈራው ያ ሜትር አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ተዘርግቶ ቆመ። ቀጥሎ ሄሪ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው፤ እስስቷን ወደ ፊቱ አስጠግቶ አፉን በሰፊው ከፈተላት። ሕዝቡ በአፍንጫው አቃሰተ። ሁሉም የሄሪ ጥርስ እስኪረግፍ ጠበቀ። አልረገፈም።

አንድ ሰው ከመዳፉ ሥር ሳቀ። ከዚያ ሌላው። በአፍ የታፈነ ሳቅ በአፍንጫ ሲወጣ ፈረስ ያንኮራፋ ይመስላል፤ ማሳው ሁሉ በፈረስ ተሞላ። እኔ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ቶላ አጠገቤ መጥቶ ጎንበስ አለና በሹክሹክታ "ቆጠረችኝ እንዴ?" አለኝ።

"አልጨረሰችም" አልኩት።

ኦቦ ጉርሙ በእንግዳው አገር ስለ እስስት ምን እንደሚባል እንድጠይቅላቸው አዘዙኝ። ሄሪ አባቱ የሚሉትን ነገረን፦ እንደ እስስት ተራመድ፤ አንድ ዓይንህ ከፊትህ ያለውን ይይ፣ አንድ ዓይንህ ከኋላህ ያለውን ይጠብቅ። በኦሮምኛ ስተረጉመው ሽማግሌው ደግመው እንድለው አደረጉኝ። ከአጥሩ ባሻገር ወደ ሰበታ በኩል ትንሽ አዩ፤ ከዚያ ወደ ክምራቸው ዞሩ።

"ይሄ ሰው የገበሬ ልጅ ነው" አሉ።

ወደ አውድማው ወሰዱን። በሬዎቹ ጤፉን እየዞሩ ያበራዩ ነበር። ሄሪ ሻኛቸውን ሲያይ እንደ ልጅ ዘለለ። በደሴቱም ሻኛ ያላቸው በሬዎች አሉ። እዚያ ግን የሚረግጡት እህሉን ሳይሆን፣ ሩዝ ከመተከሉ በፊት ጭቃውን ነው። ጫማውን አውልቆ ከበሬዎቹ ኋላ ገባ፤ በራሱ ቋንቋ እየጮኸ ሲነዳቸው በሬዎቹ ሰሙት። ሰዎቹም እየተከተሉ ጮኹለት። ከጥቂት ጊዜ በፊት ድንጋይ ያነሳው ሰው ጠላ በጣሳ አቀበለው።

ልንሄድ ስንል ግን ኦቦ ጉርሙ ሪባኖቹ ይፈቱ አሉ። "እኛ ዛሬ አወቅን። ነገ የሚያልፈው ሰው አያውቅም።" ሄሪ አልተከራከረም። የሳምንታት ሥራውን በገዛ እጁ አንድ በአንድ ፈታ። የመጨረሻውን ሲጠቀልል ከንፈሩን ነክሶ ነበር። ሽማግሌው አዩትና ትከሻውን ያዙት።

"ቁጥቋጦዎቹን እኔ አውቃቸዋለሁ። ስትመጣ ጠይቀኝ፤ አሳይሃለሁ።"

አሳዩትም። መንገዱ ሲከፈት ሄሪ እየተመላለሰ ጥናቱን ጨረሰ።

ያን ቀን ወደ ሰበታ የመለሰን ቶላ ነው፤ የሄሪን ቦርሳ ተሸክሞ። መንገዱን በድንጋይ ዘግተው የቆሙት ወጣቶች ቦርሳው ውስጥ ምን እንዳለ ሲጠይቁት ጥርስ ቆጣሪ ነው ይላቸዋል። እየሳቁ ያሳልፉናል።

ሄሪ ወደ ደሴቱ ከተመለሰ ቆይቷል። ያ አጥር ዛሬ የለም። ቅትክታው በነበረበት የቆርቆሮ አጥር ቆሟል። እስስቷ ትንሽ ብትዘገይ ኖሮ ምን እንሆን ነበር ብዬ የማስብባቸው ቀናት አሉ፤ ያን ጊዜ ላብ ያጠምቀኛል። ሰዎቹን ግን ተቀይሜ አላውቅም። በኦቦ ጉርሙ ቦታ ብሆን ክሩን አይቼ እኔም መንሼን ይዤ እወጣ ነበር።

ቶላ አሁን ሰበታ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። መንገድ ላይ ስንተላለፍ ሰላም አንባባልም። እሱ አንድ እጁን ከመሪው ያነሳና አፉን ይሸፍናል። እኔም እሸፍናለሁ። ተሳፋሪዎቹ ሁለታችንንም ጥርሳችንን ያመመን ይመስላቸዋል።