የአሥራ ዘጠኝ መስቀል ፎቶ

አባቴ ኤርጫፎ ሸማኔ ነው። ሽሮ ሜዳ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ከሸማ ዕቃው ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰዶ ሸምኗል። አሁን ዓይኑ ክሩን አልለይ ብሎታል፤ እናቴ በለጥሽም ካረፈች ገና ዓመቷ ነው። ስለዚህ ሲቀላ እኔ ጋ ይኖራል። ዶርዜ ተራራ ላይ ተወልዶ ላደገ ሰው ቆላው ሲቀላ አይመችም። ቀኑን ሙሉ ካናቴራውን አውልቆ በረንዳ ላይ ይቀመጥና የሚያልፈውን ባጃጅ ሁሉ ይራገማል። "ይቺ ከተማ ሰው ትቀቅላለች!" ይለኛል፣ ሙቀቱን እኔ ያመጣሁበት ይመስል። ከዚያ ወደ ተራራው ቀና ይላል።

ከተራራው የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ የአባቱ ቤት የነበረበትን ቦታ። ብዙ መሬት እንዳይመስላችሁ። አንድ የቀርከሃ ቤት፣ ከጓሮው ጥቂት እንሰት፣ ከፊቱ ከብት የሚታሰርበት ሜዳ፣ በቃ። አባቴ የበኩር ልጅ ነው። በእኛ መንደር አባት ሲሞት የቤቱ ቦታ የበኩሩ ነው፤ በኩሩ ግን በየዓመቱ ለመስቀል መጥቶ በአባቱ ደጅ ማረድ አለበት። መምጣት የተወ ሰው በቦታው ላይ ቃል አይኖረውም። አባቴ እዚያ ትንሽ ቤት ቀልሶ፣ በዚያ ብርድ ጋቢውን ተከናንቦ እየሞቀ፣ እዚያው መሞት ነበር የሚፈልገው። እኔ ደግሞ ላግዘው ብዬ ነገሩን ሁሉ አበላሸሁት።

የማውቀው የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሥራ ነው። ያለ ሰነድ የመጣ ባለጉዳይ እንዴት አንገቱን ደፍቶ እንደሚመለስ በየቀኑ አያለሁ። የአባቴ ታናሽ ወንድም ይፍሩ ቦታውን አጥሮ አፕል እንደተከለበት ስንሰማ ክስ እንመሥርት አልኩት።

"ወንድሜን ፖሊስ ሊጠራው ነው?" አለኝ ተቆጥቶ። "ዱቡሻ አለ።"

ዱቡሻ የመንደሩ ሽማግሌዎች በድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነገር የሚያዩበት ሜዳ ነው። እዚያ ቆሞ የዋሸ ሰው ጎሜ ይይዘዋል ይባላል፤ ልጁ ይታመማል፣ ከብቱ ይሞትበታል፣ እንሰቱ ይደርቃል። ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመውም፣ ጸሎት ቤት የሚሄደውም እኩል ይፈራዋል። እኔ ግን ተምሬያለሁ መሰለኝ፣ "እሺ ዱቡሻ ይሁን፤ ማስረጃ ግን ይዘን ነው የምንሄደው" አልኩ። ይፍሩ በገበያ በገበያው የሚያወራውን ሰምቼ ነበር። "ኤርጫፎ ድሮም ሚስቱንና ልጁን ነበር የሚልከው፤ እሱ ሽሮ ሜዳ ቁጭ ብሎ ነው" ይላል አሉ። ያኔ ነው የእናቴን የብስኩት ቆርቆሮ ከቁም ሣጥን ላይ ያወረድኩት።

በውስጡ አሥራ ዘጠኝ ፎቶዎች አሉ፤ ከ1987 እስከ 2005፣ ለየመስቀሉ አንድ። ካሜራውን አባቴ መርካቶ ካለ ነጋዴ በሁለት ጋቢ ለውጦ ነው ያገኘው። ከሰፈሩ ሸማኔ ሁሉ ካሜራ ያለው እሱ ብቻ ስለነበር ኩራቱ አይጣል ነው። ማንንም አያስነካም። "ትሰብሩታላችሁ!" ይልና በመኪና ውስጥ ማሰሪያውን አንገቱ ላይ እንዳጠለቀ ይተኛል። ከአንድ ፊልም ብዙውን ለየባለቤቱ ያድልና ለቤታችን አንድ ያስቀራል። ማንበብና መጻፍ ስለማይችል፣ ፊደል ከለየሁ በኋላ ከጀርባው ዓመቱን የምጽፍለት እኔ ነበርኩ።

በረንዳው ላይ ምንጣፍ አንጥፌ በተራ ደረደርኳቸው። ዓይኑ አጥርቶ ስለማያይ እኔ የማየውን እነግረዋለሁ፣ እሱ ይቀጥላል።

"ቅጥቅጥ አይሱዙ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል" አልኩት።

"ሁምቦ መንገድ ላይ! ጎማው የፈነዳ ጊዜ ነው። እናትሽ ጫማዋን አውልቃ የለም?"

አውልቃለች። እግሯ አብጧል፤ ፊቷን ግን ወደ ካሜራው አዙራ ትስቃለች። ያኔ ከአዲስ አበባ ዶርዜ ለመድረስ ሁለት ቀን ይፈጅ ነበር፤ ሶዶ አድረን በማግስቱ ነው የምንደርሰው። መንገዱ አቧራ፣ አለዚያም ጭቃ ነው። ሸማኔው ተዋጥቶ መኪና ይከራያል፤ ሕፃን ከጥቅል ሸማ ላይ ይተኛል፣ ሲዘፈን ይዋላል። ምራብ አባያ ስንደርስ ሙዝ በግንዱ ይገዛል። አንዱ ፎቶ ላይ እኔ ራሴን የሚያህል የሙዝ ዘለላ ታቅፌ አለቅሳለሁ፤ ለምን እንደማለቅስ እኔም አባቴም ረስተነዋል።

ከሁሉም የሚበዙት ግን ከመታጠፊያው ላይ የተነሱት ናቸው። መኪናው ወደ ዶርዜ ሽቅብ ሲወጣ አባያና ጫሞ አንድ ላይ የሚታዩበት ቦታ አለ። ይፍሩ በየዓመቱ እዚያ ድረስ በእግሩ ወርዶ ይጠብቀን ነበር። ወጣት ነው፣ ረጅም ነው፣ ጥርሱ ሁሉ ይታያል። አንድ ጊዜ እኔን ትከሻው ላይ ሰቅሎ፣ አንድ ጊዜ የመስቀሉን በሬ በገመድ ይዞ፣ ሌላ ጊዜ አባቴ ያመጣለትን አዲስ ኮት ለብሶ። ኮቱን አስታውሳለሁ። አባቴ ለራሱ ገዝቶት፣ አንድ ቀን ሳይለብሰው ነው የሰጠው።

ጥቂቶቹ ደግሞ በአያቴ ቤት ደጃፍ ናቸው። የዶርዜ ቤት እግሩን ምስጥ እየበላው በየዓመቱ ዝቅ ይላል። በ1987 ቤቱ ከይፍሩ ራስ በላይ ብዙ ከፍ ብሎ ቆሟል። በ1996 አጥሯል፤ በ2005 በሩ ጎንበስ ካላሉ አያስገባም። ከዚያ በኋላ ፊልም ከገበያ ጠፋ፣ ካሜራውም ተቀመጠ። አባቴ ግን መሄዱን አልተወም። የቀረው እናቴ በታመመች ጊዜ ነው፤ ሦስት መስቀል። በሦስቱ መስቀል ቤቱ ፈረሰ፣ አፕሉ በቀለ።

አባቴን እንደዚያን ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። "ይቺ ካሜራ አይዋሽም" እያለ ቆርቆሮውን መታ መታ ያደርጋል። ሠላሳ አንድ ዓመት የሸመነው ለዚያ ጉዞ መሆኑ ያን ዕለት ገባኝ። ሌላው ሸማኔ ቤት ሲሠራ፣ ሱቅ ሲከፍት፣ እሱ ያለችውን ሁሉ ሰብስቦ በየመስከረሙ ተራራ ይወጣ ነበር። እናቴ በዚህ ነገር ስንት ጊዜ እንደተጨቃጨቀች እኔ ነኝ የማውቀው።

ፎቶዎቹን ፎቶ ቤት ወስጄ አስተለቅኳቸው፣ በላስቲክ አሸግኳቸው፣ ከአንድ እስከ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ሰጠኋቸው። በእያንዳንዳቸው ላይ ከሩብ ሰዓት በላይ አፍጥጫለሁ። ያም ሆኖ አንድ ነገር አልታየኝም። ለእናቴና ለእኔ አባቴ በሁሉም ውስጥ ነበር።

ዘንድሮ መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ወጣን። ዱቡሻው ላይ ሰባት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። መሪያቸው አባባ ወልደሥላሴ የሚባሉ፣ አያቴን የቀበሩ ሰው ናቸው። በዚያ መንደር ሴት መሃል አትገባም፤ እኔ ከቀርከሃው አጥር ጥግ ቆምኩ። ይፍሩ መጣ። ሸብቷል፣ ወፍሯል። አባቴ በድምፁ ለይቶት ፈገግ አለ፣ የኔ ሞኝ።

ንግግሩ በጋሞኛ ነበር፤ እንዳለ ባይሆንም እንደሚሆን ላስቀምጠው። ከምርቃቱ በኋላ አባባ ወልደሥላሴ አባቴን "ኤርጫፎ፣ ምን ይዘህ መጣህ?" አሉት። አባቴ ማለት የነበረበት "ወንድሜን ጠይቁልኝ" ብቻ ነበር። እሱ ግን በእኔ ምክር ተነሣና "ማስረጃ ይዣለሁ" አለ። ማስረጃ የሚለውን ቃል በአማርኛ ነው ያለው፣ እኔ እንዳስጠናሁት። ፎቶዎቹን ከሽማግሌዎቹ ፊት ሣሩ ላይ ዘረጋ።

ሽማግሌዎቹ እየተቀባበሉ አዩ። ጊዜ ወሰደ። ከሞቱ ሰዎች አንዳንዱን እያወቁ "እገሌ!" ይላሉ፣ ይሥቃሉ፣ ከንፈር ይመጣሉ። ከዚያ ይፍሩ ተነሣ። ገበያ ላይ የሚያወራውን አላወራም። "አልመጣም" አላለም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ ብቻ አለ፤

"ወንድሜ ወረቀት አምጥቷል። እኔ ወረቀት የለኝም። ሽማግሌዎች ይዩት፤ እሱ የቱ ላይ ነው?"

እንደገና ተቀባበሉ። እኔ አጥሩን ያዝኩ። እያንዳንዱን ፎቶ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ አንድ በአንድ በልቤ አገላበጥኩ። እናቴ አለች። እኔ አለሁ። ይፍሩ አለ፣ አያቴ አለ፣ ሾፌሩ ሳይቀር አለ።

"ያነሳሁት እኔ ነኝ!" አለ አባቴ። "ካሜራው የኔ ነው። ማን ሊያነሳ ነው?"

አንዱ ሽማግሌ "ካሜራ ማንም ይይዘዋል" አሉ። ከዙሪያው የተቀመጠው ሰው ሁሉ አባቴ በየዓመቱ መምጣቱን ያውቃል። በሬውን አብረውት በልተዋል። ግን ከይፍሩ ጋር የሚኖሩት እነሱ ናቸው፤ ከብታቸው ከከብቱ ጋር ይውላል፣ ሬሳቸውን አብሮ ይሸከማል። ማንም አልዋሸም። ሁሉም ዝም አለ። ዝምታ ጎሜ የለውም መሰለኝ።

አባቴ ጎንበስ ብሎ ሣሩን ዳበሰ። ከፎቶዎቹ አንዱን አነሳ፤ ዓይኑ ባያይም ይፍሩ ኮቱን የለበሰበትን ነው ያገኘው። ወደ ወንድሙ ዘረጋው።

"ይፍሩ፣ እዚህ ላይ ለማን ነው የምትስቀው?"

ይፍሩ ተቀበለውና ብዙ አየው። ይናገራል ብዬ ነበር። እውነቴን ነው፣ ያን ጊዜ ይናገራል ብዬ አምኜ ነበር።

"ልጅ ነበርኩ" አለ። "ያኔ ለሁሉም እስቅ ነበር።"

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። የተተከለ አይነቀልም፣ ቦታውን ይፍሩ ይያዝ፤ ኤርጫፎ በመጣ ቁጥር ማደሪያው የይፍሩ ቤት ነው አሉ። በኩሩ በአባቱ ግቢ እንግዳ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ እርጥብ ሣር ይዘው ተነሡ፤ ወንድማማቾቹ ተቃቀፉ፣ ተሳሳሙ። በእኛ አገር እርጥብ ሣር ይዘው ሲለምኑህ እምቢ አይባልም። አባቴ ፎቶዎቹን ለቅሞ በላስቲኩ ውስጥ መለሰ፤ ቅደም ተከተላቸው ተዘበራርቋል።

ለእርቁ ወደ ይፍሩ ቤት ስንሄድ አባባ ወልደሥላሴ በመቋሚያቸው እየተደገፉ ከእኔ ጎን መጡ።

"ይህን ወረቀት ያስያዝሽው አንቺ ነሽ?"

"አዎ፣ አባባ።"

"ባታስይዢው ይሻል ነበር። እኛ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምንጠይቀው፤ 'ይፍሩ፣ ወንድምህ መጥቷል ወይስ አልመጣም?' ይፍሩ ዱቡሻ ላይ ቆሞ አልመጣም ሊል አይችልም። ጎሜ ይፈራል። ወረቀቱ ሲዘረጋ ግን ነገሩ የወረቀት ሆነ።"

"ታዲያ ለምን አሁንም አትጠይቁትም?" አልኳቸው። ቀድመውኝ ተራመዱ።

ይፍሩ ግቢ ቆጮና ዳጣ ቀረበ። አባቴ ጥቂት ጎረሰ። እኔ ውሃም አልቀመስኩም። ከተበላ በኋላ የይፍሩ ሚስት ወለቴ የዛሬው ቀን መታሰቢያ ይሁን አለች። ሁሉም ወጥቶ አፕሉ ሥር ተሰለፈ፤ ይፍሩ፣ ወለቴ፣ ልጆቻቸው፣ ሁለት ሽማግሌዎች። የአያቴ ምሰሶ የቆመበት ቦታ ላይ ማለት ነው። እኔ ስልኬን ላወጣ እጄን ወደ ቦርሳዬ ሰደድኩ። አንስቼው የማላውቀውን አባቴን ዛሬ እንኳ ከመሃል አቁሜ ላነሳው አስቤ ነበር።

ይፍሩ ቀደመኝ። የራሱን ስልክ ከኪሱ አውጥቶ ለአባቴ ዘረጋለት፣ እየሣቀ፣ ጥርሱ ሁሉ እየታየ።

"በል እንግዲህ፣ እንደ ድሮው አንተው አንሳን።"

ይፍሩ ራሱ ያለውን የሰማው ካለው በኋላ ነው፤ ሣቁ ፊቱ ላይ ቀረ።

"ሰማችሁ?" አልኩ፤ ጮህኩ እንጂ። "አባባ ወልደሥላሴ፣ ሰምተውታል? ምን እንዳለ ሰምተዋል?"

አባባ ወልደሥላሴ መሬት መሬት አዩ። "ዱቡሻው ተነሥቷል፣ ልጄ" አሉ።

"እንዴት ነው የተነሣው? ገና አሁን—"

"አርሴማ፣ ተዪ" አለኝ አባቴ።

ስልኩን ተቀበለ። በዚያች ደቂቃ አባቴን ጠላሁት፤ መቼም የማልረሳው ይህን ነው። በስልክ ፎቶ እንዴት እንደሚያነሳ አያውቅም፤ የይፍሩ ትንሿ ልጅ መጥታ የሚነካውን ቦታ አሳየችው። ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፣ እንደ ድሮው አንድ ጉልበቱን አጠፈ። ዓይኑ ከሰዎቹ የቱን እንደሚያይ እንጃ።

"ይፍሩ" አለ፣ "ትንሽ ወደ ግራ ና። ዛፉ ይሸፍንሃል።"